የተራራው በረዶ ይበልጣል

የራሱ በረዶ ከሰው በረዶ የማይበልጥበት የተራራ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ቢወለድም እናቱ ደብቃ ታሳድገዋለች እንጂ ለጎረቤት አታሳየውም። ይህን ዓይነቱን ሰው የማያውቅ የለም። እርስዎ ራሴን አመመኝ ሲሉ፣ እሱን አምና ራስ ምታት አልጋ ላይ ጥሎት እንደነበር ትዝ ይለዋል። የዚህኛው ልዩነት በሽታውን ትቶ በበረዶ መምጣቱ ብቻ ነው።

ባሕር ዳርቻ ላይ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ በጨው እያሸ በነፋስ እያደረቀ ለሚኖረው ለሺንፔይ ይህ ሰው የደረሰው በሚስቱ በኩል ነው። ክቡር ያሶጂ የሚስቱ የፉሚዮ ታላቅ ወንድም ናቸው። መንደራቸው ከባሕሩ በባቡር ቅርብ ናት፤ ግን ተራራ ላይ ናት፤ እዚያ ደግሞ ጥር ላይ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባው በፎቁ መስኮት ነው። ያሶጂም በረዶውን በገዛ እጃቸው ያዘነቡት ይመስል ይኮሩበታል።

ጥፋቱ የነፋሱ ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ ከባሕር ማዶ ይነሣና ውሃ ጠግቦ ይመጣል። የሺንፔይን ጣሪያ ላይ ላዩን ያልፍና ተራራው ሲያግደው ጭነቱን እዚያ ያራግፋል። ሺንፔይ ማድረቂያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ያ ጥቁር ደመና ፌርማታ እንደዘለለ አውቶቡስ ጥሎት ሲሄድ ባየ ቁጥር ይበግናል። ለሱ የሚተርፈው ነፋሱና አሸዋው ነው። ዣንጥላውን ነፋስ ሰበረው ተብሎ በዜና የታየ ሰው ደግሞ የለም።

ሰው በበረዶ ይቀናል እንዴ? ይቀናል። ፉሚዮ በየዓመቱ ከወንድሟ የሚላክላትን፣ በረዶ ሥር ተቀብሮ የጣፈጠ ጎመን ስትበላ ዓይኗን ትጨፍናለች። የሺንፔይን ሳልሞን ስትበላ ጨፍና አታውቅም። በያሶጂ መንደር ሰው ተሰብስቦ የአሮጊቶችን ጣሪያ ይጠርግና ሲጨርስ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ አብሮ ይጠጣል። ሺንፔይም አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እኛም ጋ ወርዷል ማለት ያምረዋል።

አልሆነለትም። በሠርጉ ዕለት የባሕሩ ዳር ነጭ ለብሶ ስላደረ ጮቤ ረግጦ ነበር። ክቡር ያሶጂ ለንግግር ተነሡ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩና፣ «እኛ ጋ ይሄ ብናኝ ነው የሚባለው» አሉ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ፤ ሙሽራዋም ጭምር። ሌላ ዓመት ጀልባዎቹ ነጭ ሲለብሱ ፎቶ አንሥቶ ላከላቸው። «ማን ነው ዱቄት የደፋባቸው?» የሚል መልስ መጣለት። በረዶ አንሸራትቶት እጁ የተሰበረ ጊዜ ደግሞ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጠየቁት።

«ምን ጣለህ?»

«በረዶው ነዋ፣ ጋሼ።»

ያሶጂ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ በረዶ? አማቼ፣ ሰው ከጠየቀህ ሰክሬ ነው በል። እሱ ይሻላል።»

ዘንድሮ ግን ነፋሱ ዐመሉን ቀየረ። ተራራው ድረስ መሄዱን ትቶ ባሕሩ ላይ ተንጠለጠለና የያዘውን ሁሉ ዳርቻው ላይ ገለበጠው። ጀልባዎቹ ጠፉ፤ አጥሩ ጠፋ፤ በረዶው የጣሪያውን ክፈፍ ነካ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያማርር ሺንፔይ ደጁ ላይ ወጥቶ ልጅ እንደተወለደለት አባት ይንጎራደድ ነበር። ያሶጂ ስልክ እንዲደውሉ ጠበቀ። የደወለችው የያሶጂ ሚስት ሃማኮ ናት፤ እሷም ስልክ ላይ ስለምትጮህ ሺንፔይ ሁሉንም ሰማ።

«ፉሚዮዬ፣ እዚህ መሬቱ ይታያል! ጥር ላይ መሬት! ወንድምሽ አካፋውን አቅፎ መስኮት ሥር ነው የሚውለው። ምግብም እምቢ ብሏል። እናንተ ጋ ወረደ ሲባል ጊዜ ጭራሽ ባሰበት። እባክሽ ጥሩት፣ ሥራ አለ በሉት!»

ሺንፔይ ደስ አለው። ዝም ብሎ ደስታ አይደለም፤ ሚስቱ እንዳታየው ዓሣ አገላብጣለሁ ብሎ የወጣለት ደስታ ነው። እዚያም የተሰቀሉት ሳልሞኖች ፊት ቆሞ፣ ለዓመታት የጓጓለትን ጥያቄ ተለማመደ። «ጋሼ፣ ለመሆኑ እናንተ ጋ ምን ያህል ደረሰ?» አንዴ ለስለስ አድርጎ፣ አንዴ ገረም ብሎት። ሊጠይቃቸው የፈለገው ጎረቤት በተሰበሰበበት ነው።

ያሶጂም መጡ። ባቡሩ ተራራውን በሰላም ወርዶ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ስለተቀበረ የቀረውን በእግራቸው፣ አካፋቸውን ተሸክመው ነው የመጡት። የሺንፔይን በረዶ ዙሪያውን አዩት። ጓንታቸውን አውልቀው ቆነጠሩት፤ ጨመቁት።

«እርጥብ ነው» አሉ። «ባሕሩ ነው ተነሥቶ የመጣባችሁ።»

ሺንፔይ ጥያቄውን ሊያወጣ አፉን ሲከፍት ፉሚዮ ከማድረቂያ ቤቱ ጮኸች። ውሃ ገብቷል፤ የጨው ጆንያዎቹ እየራሱ ነው። መንገዱን ይዞ ወደ ባሕር የሚወርደው ቦይ ሞልቶ ገንፍሏል። ለካ ሠፈሩ በሙሉ፣ በረዶ የሚወስድ ውሃ ተገኘ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች ባንዴ እየደፋበት ኖሯል።

ያሶጂ ጎንበስ ብለው ቦዩን አዩት። «ሁላችሁም አንድ ላይ ነው እንዴ የምትደፉት?»

«ታዲያ እንዴት ነው?» አለች ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ የምትሸጠው ጎረቤታቸው ኪኑዌ።

«በተራ ነዋ! ቦዩ ስንት ሆድ ያለው መሰላችሁ?» ክምሩ ላይ ወጡ። «የላዮቹ፣ እጃችሁን ሰብስቡ! ከታች ያላችሁት መጀመሪያ የደፈነውን አውጡ! አንተ ባለ ቀይ ኮፍያው፣ ለአንተ ነው የምናገረው!»

ባለ ቀይ ኮፍያው ታዘዘ። ሁሉም ታዘዘ። ውሃው ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ጆንያዎቹም ተረፉ። ሺንፔይ ግን የራሱን ሒሳብ ሠራ። በረዶው የሱ፣ ቦዩ የሱ፣ ጎረቤቱ የሱ፤ ሰው ከቦ የሚያየው ግን ያሶጂን ነው። ዛሬም፣ በገዛ በረዶው፣ ተቀደመ።

ኪኑዌ ትኩስ የሩዝ መጠጥ ይዛ መጣችና ለያሶጂ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «የተራራ ሰው መሆን መታደል ነው! እኛ ጋ እንዲህ ከሆነ እርስዎ ጋማ ዘንድሮ የት ደርሶ ይሆን?»

ሁሉም ዞር አለ። ሺንፔይ መጠየቅ እንኳ ሳያስፈልገው ጥያቄው በራሱ እግር መጣለት።

«እኛ ጋ…» አሉ ያሶጂ። ጽዋውን አዩት፤ ከዚያ አካፋቸውን። «ዘንድሮ እንግዲህ… እኛ ጋ…»

ሺንፔይ ያኔ ነው ሰውየው ማርጀታቸውን ያየው። አፋቸው ባዶ ሆኖ አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ ሲያየው ደግሞ ደስ አላለውም። እኚህ ሰውዬ ዛሬ እዚህ ሰው ፊት ከወደቁ፣ ከእንግዲህ ወዲህ በማን ይቀናል?

«ተያቸው እንጂ ኪኑዌ!» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እሳቸው ጋ ይሄ ምን አላት? ጣሪያቸውን ሦስቴ ጠርገው ነው የመጡት። ሚስታቸው ሃማኮ በመስኮት ነው ወጥታ የምትገባው።»

ጎረቤቱ «ኧረ ጉድ!» አለ። ፉሚዮ የባሏን ፊት አየችና ጆንያ ወደ ማንሣቱ ተመለሰች። ያሶጂ ሺንፔይን አዩት። ከዚያ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«አራቴ ነው» አሉ።

«አራቴ ነው ለካ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሺንፔይ ጎንበስ ብሎ አካፋውን አነሣ። አራት ጊዜ የተጠረገውን ያን ጣሪያ በሐሳቡ አየውና፣ መሬቱ እንደሚታይ እያወቀ፣ ከልቡ ቀና።