ሳሎን መሀል ያለው ጉድጓድ

በየቤተሰቡ አንድ የመሬት ታሪክ አዋቂ አለ። ቤቱ የእሱ አይደለም፤ መሬቱም የእሱ አይደለም። ታሪኩን ግን ማንም አይነጥቀውም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ሰላም ያለው ቤተሰብ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእኛው አዋቂ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ያደጉትም የሸበቱትም በአያቴ ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። "ሊቀ መሬት" የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው እህቴ ናት። ምንም ይጠየቁ ምን መልሳቸው አንድ ነው፤ "ከመሬቱ እንጀምር።"

አንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ሊቀ መሬት ሰፈሩ ረግረግ ከነበረበት ዘመን ተነሥተው አያቴ መሠረት የጣለበት ቀን ላይ ደረሱ።

"ጋሼ፣ የሚያፈሰው እኮ የእጅ መታጠቢያው ነው" አለ ሰውየው።

"እኮ! ውሃው ከየት መጣና?"

ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ዛሬም ስደውልለት አያነሳም።

እህቴን ሊያገባ የፈለገ አንድ መልካም ሰውም መጥቶ ነበር። ሥራውን የጠየቀው የለም። የጎረቤታችን አጥር በየዓመቱ እንዴት ወደ እኛ እንደተገፋ ሲሰማ አመሸ። በኋላ የጎረቤታችንን ልጅ አገባ።

ዋናው ግን ጉድጓዱ ነው። እንደ ሊቀ መሬት አባባል፣ አያቴ ቤቱን ከመሥራቱ በፊት የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። ውሃው ጨው ጨው ሲለው አፉን በእንጨት ከድኖ፣ አፈር አልብሶ፣ ሳሎኑን በላዩ ሠራ። ስለዚህ የሳሎናችን መሀል አይረገጥም። እኛ ልጆች መሄድ የተማርነው በግድግዳ ዳር ዳር ነው። ወንበሮቹ ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ረስቶ መሀል የገባ እንግዳ በእጅጌው ይጎተታል። በሠርጌ ቀን ሚስቴንም ጎትተዋታል። "ልጄ፣ ከነቬሎሽ ልትገቢልን ነው!" አሏት። አልረሳችላቸውም።

አባታችን ሲሞት ቤቱን ልንሸጥ ተስማማን፤ ወንድሜ፣ እህቴና እኔ። ሊቀ መሬት ድርሻ የላቸውም። ያላቸው ታሪክ ነው፤ ታሪክ ደግሞ ውርስ ሲከፋፈል አይቆጠርም። ለመጣው ገዢ ሁሉ ጉድጓዱን ነገሩ። የመጨረሻው አልደነገጠም።

"አባቴ፣ እኔ እኮ የምገዛው ላፈርሰው ነው" አላቸው።

ጓዛቸውን ይዘው ወደ እኔ ቤት ሲዛወሩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሲቆፍሩ ጥሩኝ። ጉድጓዱ ሲወጣ ልየው። ከዚያ ወዲያ ውሸታም የሚለኝ የለም።"

ማናችንም ውሸታም ብለናቸው አናውቅም። ፊት ለፊት ማለቴ ነው።

በቁፋሮው ቀን ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ጣሪያው የለም፤ ግድግዳው የለም። እኛ ግን በሌለው ግድግዳ ዳር ዳር ተሰልፈን ቆምን። ኤክስካቫተሩ የሳሎኑን መሀል ሲቆፍር ጥቂት አፈር ወጣ፤ ከዚያ የብረቱ ጥርስ ጮኸ። አለት ነው። የሰው እጅ ነክቶት የማያውቅ፣ ወጥ አለት።

ወንድሜ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ዕድሜያችንን ሙሉ በግድግዳ ዳር አስኬዱን እኮ!"

"ተዋቸው በቃ" አለች እህቴ።

ሊቀ መሬት ዝም አሉ። ከመሬቱ አልጀመሩም። ከምንም አልጀመሩም። ክራቫታቸውን አላልተው አለቱን ያያሉ። በዚያች ቅጽበት የሸበተ ራሳቸው፣ የተተኮሰ ሱፋቸውና ያወሩት ሁሉ አንድ ላይ ያረጁ መሰለኝ።

እኝህን ሰው ስረግማቸው ነው የኖርኩት። ንግግራቸውን ችዬዋለሁ፤ ዝምታቸውን ግን አልቻልኩትም። ወደ ማሽኑ ሄድኩ።

"ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ግራ በልልኝ" አልኩት ሾፌሩን።

"ምን ልፈልግልህ?"

"ጉድጓድ።"

"አለት ላይ?" ሞተሩን ቀነሰና ከላይ ወደ ታች አየኝ። "ጉድጓድ አለ ያለህ ማነው?"

ወደ ኋላዬ አልዞርኩም። እሳቸው እንዲሰሙ ግን ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"ማንም አላለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ዞሬው ነው የሄድኩት። አለ አልኩህ፤ ቆፍር።"