ደግ ደጉን ብቻ የሚያስተረጉም ሰው

አዛኝ አስተርጓሚ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ቶሮንቶ ብዙ አይቻለሁ። ሐኪም የተናገረውን ክፉ ወሬ ውጠው ደጉን ብቻ ያቀብላሉ። «መርዶ በድንገት አይነገርም» ይሏችኋል። በሽታ መርዶ ነው እንዴ? ሰውየው እኮ አልሞተም!

ባለፈው ሳምንት የቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ጎረቤቴን አቶ ታደሰን በመኪናዬ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የእህታቸው ልጅ ግርማ ሊያስተረጉም አብሮን ገባ። ሐኪሟ የጥሪ መሣሪያዋ እየጮኸ እንኳ ሳትቸኩል በእንግሊዝኛ አስረዳች። አቶ ታደሰ የፕሮስቴት ካንሰር አለባቸው። በካንሰሩ ሴሎች ላይ ተቀባይ የሚባሉ መጣበቂያ ቦታዎች ካሉ፣ ፔፕታይድ የሚባል ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ተሸክሞ በደም ሥር ይገባና እነሱ ላይ ይጣበቃል። ያኔ ካሜራው ካንሰሩ የት እንደደረሰ ያሳያል። ነገሩ ገና በጥናት ላይ ስለሆነ ፈቃዳቸው ያስፈልጋል።

ግርማ ወደ አጎቱ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት ትላለች። መርፌ ወግታ ፎቶ ልታነሳዎት ነው።»

«ደህና ከሆንኩ ምን አስወጋኝ?» ብለው ኮታቸውን አነሱ።

ግርማም ለሐኪሟ «አይፈልጉም» አላት። እሷም ፋይሉን ዘጋች።

ደሜ ፈላ። «ያለችውን ንገራቸው እንጂ!» አልኩት።

«አንጀቴ አይችልም» አለኝ።

እኔው ነገርኳቸው፤ ካንሰር የሚለውን ቃል ሳልዘል፣ ጥናት የሚለውንም ሳልደብቅ።

አቶ ታደሰ ኮታቸውን መልሰው ሰቀሉና ወደ ግርማ ዞሩ።

«የታመምኩት እኔ ነኝ። ያንተ አንጀት ካልቻለ ውጭ ጠብቀን።»