ቁጥርና ቀን የሌለው ፋይል

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ወረቀት ቁጥርና ቀን ካልተጻፈበት ወረቀት እንዳልሆነ አልነግራችሁም። የላከው ሰው ፊታችሁ ቆሞ "እኔ ነኝ የላክሁት" ቢል እንኳ፣ ቁጥር ከሌለው አልላከውም። ይህን የተማርኩት አቃቂ ነው። ያስተማረኝ ደግሞ ሰርቨር ነው።

ሰርቨር ማለት ዌብሳይት የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው። ሲነሣ መጀመሪያ አንድ ፋይል ያነባል። በዚህ ግባ፣ ይህን አሳይ የሚሉ ትእዛዞች አሉበት። አንድ ቃል ካልገባው ይወድቃል። እንደኛ ሳይገባው ራሱን መነቅነቅ አልለመደም፤ በዚህ ጠባዩ መንግሥት መሥሪያ ቤት መቀጠሩ ይገርመኛል።

ዘመኑ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ በየቢሮው የገባበት ነው። አለቆች ሁሉ ድንገት "የሥራ ሂደት ባለቤት" ሆኑ። የኛው ባለቤት አቶ ደምሰው ይባላሉ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ የተቀጠርኩ፣ የሙከራ ጊዜዬን ልጨርስ ጥቂት ሳምንት የቀረኝ ሰው ነበርኩ። እናቴ ግን ሳሪስ ላለ ጎረቤት በሙሉ "ልጄ ቋሚ ሆነ" ብላ ጨርሳለች። አሁን ብባረር በየትኛው በር ነው ሰፈር የምገባው?

ዓርብ ከበላይ አካል እንግዶች መጥተው የመሥሪያ ቤቱን አዲስ ዌብሳይት ሊመርቁ ነው። አቶ ደምሰው ማክሰኞ ጠርተው፣ ዓርብ ካልሠራ ሙከራዬ እዚያው እንደሚያበቃ ነገሩኝ። በጨዋ ደንብ ነው የነገሩኝ፤ ሻይ ሁሉ አዘውልኛል።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ሰርቨሩ አልነሣም አለ። ማክሰኞ ስወጣ ደህና ነበር። አስነሣዋለሁ፣ ይወድቃል። እንደገና አስነሣዋለሁ፣ ይወድቃል። ወዲያው ሁሉም አማካሪ ሆነ። የግዢው ሰው ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነው አለ። ሹፌሩ ካርቡራተሩን አይተኸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጸሐፊዋ ጸበል በጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ኤሌክትሪክ መሆኑን አስረድቼ መለስኳት።

አቶ ደምሰው ደግሞ ግምገማ ጠሩ። ግምገማ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ እንኳን ደስ አለው። ሰርቨሩ የወደቀው በአመለካከት ችግር ነው ወይስ በክህሎት? በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። አደረግሁ። ቸልተኛ ነኝ፣ ሥራዬን ጥዬ እወጣለሁ አልኩ፤ ያላጠፋሁትንም ጨምሬ ተናዘዝኩ። ተጨበጨበልኝ። ሰርቨሩ ግን ያው ነው፤ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ነው ማስታወሻውን ማየት ትዝ ያለኝ። ሰርቨር ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ ጽፎ ነው የሚወድቀው። ያን ሁሉ ሰዓት እኔ ስናዘዝ፣ የሱ ኑዛዜ ተጽፎ ተቀምጧል። "የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን ቃል አላውቀውም" ይላል። ፋይሉን ከፈትኩት። አናቱ ላይ "ቁጥር"፣ "ቀን"፣ "ጉዳዩ፦ ሰርቨሩ ሥራ እንዲጀምር ስለማሳወቅ" የሚል ሰፍሯል። ግርጌው ላይ ደግሞ "ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ክፍሎች ሁሉ" ይላል።

በቀጥታ መዝገብ ቤት ሄድኩ፤ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ። ስጠይቃቸው ቅር አላቸው።

"ልጄ፣ እኔ ከራሴ አላመነጨሁም። ለፊርማ ብለህ ያተምከውን የፋይሉን ቅጂ አቶ ደምሰው አዩትና ቁጥር የሌለው ነገር ከኔ ቢሮ አይወጣም አሉ። አንተ ማሽኑን ከፍተህ ሄደሃል። ገብቼ አሟላሁልህ።"

ለካ ግለ ሂሴ እውነት ነበር። አቶ ደምሰው ዘንድ ሄጄ ጽሑፉን ላውጣው ብዬ ለመንኳቸው። ነገ ኦዲት ቢመጣ ማን ሊጠየቅ ነው፣ ማሽኑ ነው ወይ አሉኝ። ጽሑፉ ካለ ሰርቨሩ ይወድቃል፤ ጽሑፉ ከወጣ እኔ እወድቃለሁ። ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ለቃሊቲ እስረኞች ስንቅ ከያዙ ሴቶች መሀል ተቀምጬ ሳለ፣ አንዷ ፊቴን አይታ እግዜር ያስፈታልህ አለችኝ።

እንደደረስኩ መላው መጣልኝ። ስልክ ላይ ከዜሮ አጠገብ ያለችውን መሰላል የምትባለውን ምልክት ታውቋታላችሁ? መስመር ፊት ስትቀመጥ ለሰርቨሩ "ይህን አትመለከተው፣ ዝለለው" ማለት ናት። በአቶ ደምሰው መስመሮች ፊት ሁሉ አንድ አንድ መሰላል አቆምኩ። ሰርቨሩ ተነሣ።

አቶ ደምሰው አዲሱን ቅጂ ሲያዩ ይህች ምንድን ናት አሉ። የክብር ምልክት ናት፣ የበላይ ኃላፊ ሲናገር ብቻ የምትደረግ ናት አልኳቸው። አፍሬያለሁ፣ አልዋሽም፤ ግን እናቴን አሰብኳት።

ዓርብ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ። ሰኞ ከአቶ ደምሰው የወጣው ደብዳቤ በየመስመሩ ፊት መሰላል ነበረው። ከዚያ ወዲህም ያለ መሰላል የጻፉት የለም። የኔም የቋሚነት ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ተፈርሞ ወደ ሰው ኃይል ሄደ፤ ከላይ እስከ ታች መሰላል በመሰላል ሆኖ።

ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ፣ መልስ የለም። ሄጄ የሰው ኃይሉን ኃላፊ ጠየቅሁት። መሳቢያውን ስቦ ካልተነካ ክምር ውስጥ ደብዳቤዬን አወጣልኝ።

"የአቶ ደምሰውን ደብዳቤ ድሮም የሚያነብ የለም" አለኝ። "በፊት ግን የማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ማንበብ ነበረብን። አሁን ምልክት ስላለው ከሩቁ እንለየዋለን።"