መስታወቱማ ተሠርቷል

ድሮ የመኪና መስታወት በእጅ ነበር የሚወርደው። እጀታውን ታሽከረክራላችሁ፣ ይወርዳል፤ መልሳችሁ ታሽከረክራላችሁ፣ ይወጣል። ሥልጣኔ ግን ይህን ቀላል ነገር አይቶ ዝም ማለት አልሆነለትም። መስታወቱን ከሽቦ፣ ሽቦውን ከዲናሞ፣ ዲናሞውን ጥፍር ከምታክል ቁልፍ ጋር አጋብቶ፣ «በሉ እንግዲህ ተመቻቹ» ብሎን ሄደ። እኔም ይህ ምቾት ያላትን አሮጌ አውቶሞቢሌን ስገዛ፣ አዳማ ውስጥ ሳልነግረው የቀረ ዘመድ ያለ አይመስለኝም። ዓመት ሳይሞላ አራቱም መስታወቶች እንደተዘጉ ቀሩ። ማቀዝቀዣው እንደሆነ ከእኔ በፊት ከነበረው ባለቤት ጋር ነው የተሰናበተው። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ይፍረደኝ።

ላብ ሰው አይገድልም ብዬ ችዬው ነበር፣ የታናሽ ወንድሜ የሙሉጌታ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ። ሙሉጌታ ሁሩታ ላይ አንዲት አስተማሪ ወደደ። ሽማግሌ ይላክ ተባለ፤ ከቤተሰቡ መኪና ያለኝ እኔ ነኝና ሽማግሎቹን የማድረስ ክብር እኔ ላይ ወደቀ። ሦስት ናቸው፦ ዋናው ተናጋሪ ጋሽ ገመቹ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያከብራቸው ሐጂ ሁሴን፣ እና ዕድሜ ልካቸውን መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ የወጡት ድሬሰሩ ጋሽ ታደሰ። እስከ ዴራ ድረስ «ኧረ ትንሽ አየር!» እያሉ ሲማጸኑኝ፣ እኔም ቁልፏን በከንቱ ስጫን ሁሩታ ደረስን።

ሁሩታ እንደ አዳማ አይደለም፣ ይበርዳል። የልጅቷ አባት አቶ ለማ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡና «አካም ጅርቱ» ብለው ተቀበሉን፤ ዓይናቸው ግን ከሽማግሎቹ ግንባር ላይ አልነቀል አለ። ጋሽ ገመቹ ሙሉጌታን ባመሰገኑ ቁጥር አንገታቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። «አይጠጣም»፣ ጠረግ። «ሥራ ወዳድ ነው»፣ ጠረግ። አቶ ለማ በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚህ ብርድ ሰው እንዲህ የሚያልበው የሚደብቀው ነገር ሲኖር ነው። እስቲ እኛም እናጣራ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ሙሉጌታ ያን ሰሞን እህል በአፉ አልዞረም። «ወንድም ጋሼ፣ ያንተ መስታወት እኮ ትዳሬን ሊያፈርስብኝ ነው» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አንጀቴን በላው።

መካኒክ ዘንድ መውሰድ ይቻል ነበር። ግን ስልክ ከያዝን ወዲህ መካኒክ ያልሆነ ማን አለ? የማላውቀውን ቋንቋ የሚናገር አንድ ሰውዬ በቪዲዮ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ፈታትቶ ሲገጥም አየሁና «ይኸው ነው እንዴ?» አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ካቻቢቴ ይዤ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ፣ «ሻወሩን እንደሠራኸው ነው የምትሠራው?» አለችኝ። ሻወሩን ከሠራሁት ወዲህ የምንታጠበው በጆግ ነው። ሙያ በልብ ነው ብዬ የበሩን ብሎኖች መፍታት ጀመርኩ።

የበሩን ልባስ ስስበው ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ፤ ቪዲዮው ላይ ይሄ ድምፅ አልነበረም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዲናሞውን ነው። ግማሽ ቀን ስፈታው ውዬ ሽቦውን ከባትሪ ጋር በቀጥታ ባገናኘው፣ ምንም እንዳልሆነ መሥራት ጀመረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ለካስ ጥፋቱ አራቱንም በምታዘው በሾፌሩ ቁልፍ ውስጥ ነው፤ ስንት ዓመት አቧራ ስትውጥ ኖራ መዳቧ ጠቁሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኳት። ሁለት ጣቴን ልጬ፣ አራት ትርፍ ብሎን ይዤ (ለምን እንደተረፉ አትጠይቁኝ) አመሻሽ ላይ ብጫናት፣ አራቱም ዝዝዝ ብለው ወረዱ! ወይንሸት እልል አለች ብል ውሸት ነው፤ «ይገርማል» ግን ብላለች።

በቀጠሯችን እሑድ ሽማግሎቼን ጭኜ፣ ከከተማ ልንወጣ ስንል አራቱንም መስታወት በኩራት አወረድኩ። ነፋሱ ገባ። ምስጋና ስጠብቅ ጋሽ ታደሰ ጮኹ።

«ዝጋው ልጄ! ልትገድለን ነው?»

«ጋሽ ታደሰ፣ አየር እኮ ነው።»

«የምን አየር? ብርድ ነው እንጂ! ግራና ቀኝ ተከፍቶ መጋኛ ይምታን? እኔ በሙያዬ አውቀዋለሁ!»

ሐጂ ፎጣቸውን ጆሯቸው ላይ ጠመጠሙ። ጋሽ ገመቹም «ድምፄ ቢዘጋ ማን ሊናገር ነው?» አሉ። ባለፈው «አየር፣ አየር» ሲሉ የነበሩት እኮ እነዚሁ ናቸው! እናንተዬ፣ በአገራችን ጅብ የማይፈራ ሰው የተከፈተ መስኮት ይፈራል። ምን ላድርግ፣ ዘጋሁት። በተሠራ መስታወት ታፍነን፣ ካለፈው በባሰ ላብ ሁሩታ ገባን።

አቶ ለማ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በመስታወቱ ውስጥ አዩንና ፊታቸው ጠቆረ። በሩ ሲከፈት «ዛሬም?» አሉ። የሙሉጌታ ፊት በዓይኔ ላይ መጣ። ያኔ ጋሽ ገመቹ ምንም ሳያፍሩ ጣታቸውን እኔ ላይ ቀሰሩ።

«ምን እናድርግ አቶ ለማ! የዚህ ልጅ መኪና መስታወቱ አይከፈትም። ባለፈውም እንዳናሳፍረው ብለን ነው ዝም ያልነው። ታፍነን መጣን እኮ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የጣቶቼ ቁስል ገና አልደረቀም። ቁልፏ ከእጄ አንድ ስንዝር አትርቅም፤ አንዴ ብጫናት ክብሬ ይመለሳል፣ የወንድሜ ትዳር ይሄዳል።

«አዎ» አልኩ፤ «ተበላሽቷል። ይቅርታ።»

አቶ ለማ ከት ብለው ሳቁ። «ለዚህ ነው እንዴ! እኔ ደግሞ ልጁ ሌላ ሚስት ቢኖረው ነው ብዬ ስንት ሰው አስጠየቅሁ!» አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ልጃችንን ሰጥተናችኋል» አሉ። ሲሸኙንም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ፣ መካኒክ ካየው ይሠራል። ብቻ አንተ ራስህ እንዳትነካካው» አሉኝ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። አቶ ለማ ለዝግጅቱ አዳማ በመጡ ቁጥር የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው «ኡፍ!» ይላሉ፤ እኔም አብሬያቸው ኡፍ እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ እስከ ሠርጉ እንዳይጠራ እጸልያለሁ።

ወይንሸት ነገሩ ቀላል ነው ትላለች። «መካኒክ ሠራው በላቸውና ክፈተው፣ አለቀ።»

ሁለት ጣቴን ልጬ የሠራሁትን፣ መካኒክ ሠራው ልበል? ላቡ ይሻለኛል።