የኮርኒሷ አራስ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከሁሉ በፊት ሊያውቀው ለሚገባው ሰው እንኳ አልተናገርኩም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ቆላ ወርዶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኛ ቆቦ እንኳን ማሽላው የበሩ እንጨትም ይነቅዛል። የእኔም ዝምታ ይኸው ስንት ዘመን ተከማችቶ ሲነቅዝ ይሰማኛል። ዱቄት ሳይሆን ላውጣው።

ዓይን አፋር ሰው ሚስጥር ጠባቂ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ሚስጥሩ የሚቀመጠው ጠባቂው ስለበረታ ሳይሆን፣ ለመናገር አፉን መክፈት ስለሚያሳፍረው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ከዋጃ ስመለስ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ቆቦን በመስኮት እያየሁ አልፌ ጎብዬ ድረስ የሄድኩ ሰው ነኝ። የተመለስኩትም በእግሬ ነው። ሌላ አውቶቡስ ማስቆም አፍሬ።

ጊዜው የደርግ ነው። ቆቦ የሳይንስ መምህርት ነበርኩ፤ የምኖረውም እትዬ ዘሀራ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ኖራ የተቀባ። እንዲህ ያለ ኮርኒስ የማታውቁ ካላችሁ፣ በላዩ የሚሄድ ነገር ሁሉ እግሩ ከሥር ይታያል። አይጥ ስትሄድ ትንሽ ነጥብ ይሮጣል። አንድ ሰሞን ግን ነጥቡ ጨመረ፤ ጆንያው እንደ ሆድ ወደ ታች ይነፋ፣ ይረግብ፣ እንደገና ይነፋ ጀመር። በዚያው ሰሞን የእትዬ ዘሀራ ዶሮዎች መቀነስ ያዙ።

«ሸለምጥማጥ ናት!» አለች እትዬ ዘሀራ፣ ላባ በእጇ ይዛ። «ከስድስት ሁለት አስቀረችኝ። ደግሞ ቄብ ቄቧን እየመረጠች! ወላሂ ሰው ብትሆን ባለሥልጣን ነበረች።»

በዚያ ዘመን ሰው ከሚስቱ ጋር ቢጣላም፣ በሬው ቢጠፋም፣ ነገሩ የሚያልቀው ቀበሌ ነው። የሸለምጥማጧም ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ ቀረበ። ሊቀመንበሩ አያ ይመር ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ሕዝብ ንብረት ተናገረ፤ ከዚያም ውሳኔው ተነበበ። ቅዳሜ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ይመጣሉ፣ ኮርኒሱ ተቀዶ ይወርዳል፣ ሸለምጥማጧም ትገደላለች። መሰላል ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን የሚቀድ ሰው ሲፈለግ፣ በቁመቱ የሒሳብ መምህሩ ሙሉጌታ ተመረጠ። ስብሰባው አጨበጨበ። እኔ ብቻ እጄ አልተነሳም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በዚያ ኮርኒስ ውስጥ ከሸለምጥማጧ ሌላ የእኔም ነገር ነበረበት። ከቁም ሳጥኑ በላይ ስፌቱ የተተረተረ ቦታ አለ፤ በእሱ በኩል እጄን እየሰደድኩ አሥራ አንድ ደብዳቤ አስቀምጫለሁ። ፍተሻ በመጣ ቁጥር ሳጥን ይበረበራል፣ ፍራሽ ይገለበጣል፤ ኮርኒስ ግን ማንም አያይም። ደብዳቤዎቹ ፖለቲካ አልነበረባቸውም። ቢኖርባቸው በወደድኩ። የፖለቲካ ጽሑፍ ቢገኝ ያሳስራል፣ የፍቅር ደብዳቤ ግን ስብሰባ ላይ ይነበባል።

የተጻፉት ለሙሉጌታ ነው። አንዱንም አልሰጠሁትም። ከእሱ ጋር የተነጋገርኩት ጠመኔ ያለቀ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ያኔም የተናገረው እሱ ነው። አሁን ያ ሰው ዱላ በያዘ ሕዝብ ፊት መሰላል ላይ ቆሞ፣ የገዛ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት በራሱ ላይ ሲረግፍ አስቡት። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይሏችኋል ይኸው ነው።

ያዳነችኝ እትዬ ዘሀራ ናት። በስብሰባው ማግስት ጆንያውን ለመተርተር ስፌቱን ልታይ ገባች፤ አንገቷን አቅንታ ቆየችና ጣቷን በአፏ ላይ አደረገች። ከላይ እንደ ድመት ልጅ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። አንድም አይደለም።

«ያ ረቢ!» አለች በሹክሹክታ። «ልጄ፣ አራስ ናት።»

ነጠላዋን አስተካክላ በቀጥታ ቀበሌ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አያ ይመርን ሰው ሁሉ «ጓድ» ይለዋል። እሷ ግን በልጅነቱ ንፍጡን የጠረገችለት ስለሆነች፣ ጓድ ማለት አይሆንላትም።

«ይመር፣ የቅዳሜው ነገር ይቅር። አራስ ናት።»

«እትዬ፣ ውሳኔ ተላልፏል እኮ! ደግሞስ ያለቀው የአንቺ ዶሮ አይደለም?»

«አራስ ምን ልትበላ ኖሯል? ገንፎ አገንፍተህ ወስደህላት ነበር?»

«አውሬ ናት፣ እትዬ።»

«አውሬም ብትሆን አራስ ናት። አራስ ከቤት አይወጣም። ጣራ ሥር ገብታ የወለደችን ከነልጆቿ በዱላ አስጨርሼ፣ በየትኛው ፊቴ ነው የምሰግደው?»

ሊቀመንበሩ በሰው ፊት ውሳኔ መሻር ከበደው፣ እሷንም ማሳፈር ከበደው። በመጨረሻ፣ «እስከ ቅዳሜ በፈቃዷ ከወጣች ወጣች» አለ። «ካልወጣች ኮርኒሱ ይወርዳል።»

ሦስት ቀን አለኝ ማለት ነው። በዱላ ብናባርራት ልጆቿን ጥላ ትሸሻለች፣ እነሱም እላይ በረሃብ ያልቃሉ። ሸለምጥማጥ ግን እንደ ድመት ናት፤ ልጆቿ ከታዩባት ወይም ቤቱ ካስጠላት፣ አንድ በአንድ በማጅራታቸው ነክሳ ቤት ትለውጣለች። ስለዚህ ሥራችን ማባረር ሳይሆን ማሰልቸት ነው። ሁለቱን ዶሮዎች ጓዳ አስገባናቸው። ፋኖስ ለኩሼ፣ ጨለማዋን ልቀማት ብዬ ከቁም ሳጥኑ በላይ ሰቀልኩ። ነጭ ጋዝ የነካካ ጨርቅ ከምትተኛበት ጥግ ሥር አንጠለጠልኩ። ከዚያ የባትሪ ሬዲዮኔን ቁም ሳጥኑ ላይ አውጥቼ አፉን ወደ ላይ አዞርኩና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ሸለምጥማጥ ቀን ተኝታ ማታ የምትሠራ ፍጥረት ናት። በቀን ንግግር ማሰማት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ንግግር አልጠፋም፤ አጭሩም አጭር አልነበረም። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን እትዬ ዘሀራ ጣቢያው እንዳይለወጥ ትጠብቃለች።

ጎረቤቱ ግን ሌላ ተረዳው። «መምህርቷ ነቃች» መባል ተጀመረ። አያ ይመር መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳልኝ፤ እኔም እንዳላሳፍረው ደብተሬን ይዤ በግማሽ አነሳሁለት። ሙሉጌታ እንኳ በመምህራን ክፍል በር ላይ ቆም ብሎ፣ «ሬዲዮ ይወዳሉ አሉ» አለኝ። አዎ ማለት አቅቶኝ ስለ ጠመኔ ጠየቅሁት።

ዓርብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እትዬ ዘሀራ መስገጃዋ ላይ ነበረች። ከጣራው ክዳን ሥር ረጅም ጅራት ታየ። ሸለምጥማጧ አንዱን ልጇን በማጅራቱ ነክሳ ወጣች፤ ከቆርቆሮው ወደ ቁርቁራው ዛፍ፣ ከቁርቁራው ወደ ቁልቋሉ አጥር፣ ከዚያ ወደ ማሽላው ማሳ። ተመልሳ ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛው ጊዜ ስትመጣ ሬዲዮው ገና «በመጨረሻም» እያለ ነበር። አልጠበቀችውም።

እትዬ ዘሀራ እጇን ዘርግታ፣ «አላህ ያሳድግልሽ» አለቻት። ቀጥላም፣ «ሁለተኛ ደጄ ድርሽ ትዪና!»

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። ደብዳቤዎቼ አልጋ ሆነዋል። አሥሩን ዘልዝላ፣ አለስልሳ፣ ለልጆቿ አንጥፋቸዋለች። ሦስት ዓመት የፈራሁትን ቃል ሦስት ግልገሎች ተኝተውበት አደጉ። ሳቄ መጣ። ዝልዝሉን ሁሉ አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ባለቤቴ በየሰርጉ ያወራዋል። «ሸለምጥማጧ አሥሩን ቀዳ አንዷን ለእኔ ብላ አስቀረችልኝ» ይላል። ሰው ይስቃል። «እሷ ረስታው ነው እንጂ ብታገኘው ታቃጥለው ነበር» ሲል ወደ እኔ ይጠቁማል፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ። «አሁንም ታፍራለች!» ይባልልኛል።

አሥራ አንደኛው ደብዳቤ አልተረሳም። አግኝቼዋለሁ፣ ሙሉውን አንብቤዋለሁ፣ ምድጃው አፍ ድረስ ወስጄዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉጌታ መሰላል ተሸክሞ ብቻውን መጣ። እትዬ ዘሀራ ደጃፉ ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች።

«ወጣች አሉኝ» አለ። «እንግዲያስ ልመለስ?»

«ቀዳዳው ካልተደፈነ ትመለሳለች» አልኩት። ለእሱ ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ ነው።

ቁራሽ ቆርቆሮና ሚስማር አነሳ፤ መሰላሉን በውጭ በኩል፣ ከጣራው ክዳን ሥር፣ ከግድግዳው አስደግፎ ነቀነቀው። «ይሄ ነገር ይወዛወዛል።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከቀዳዳው አጠገብ፣ እጁ በሚያርፍበት በኩል፣ ማታ ከውስጥ ገፍቼ ያስተካከልኩት የወረቀት ጫፍ ከጆንያው ጠርዝ ትንሽ ብቅ ብሏል።

«ይውጡ» አልኩት፣ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨብጬ። «እኔ እይዘዋለሁ።»