መስማማት የበዛበት ጥናት

ሰው ሁለተኛ ዲግሪ መማር ሲጀምር ሰላምታው ይቀየራል። ድሮ «ደህና ነህ ወይ? ቤተሰብ ደህና?» ይሉት የነበሩ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት «ጨረስክ?» ማለት ይጀምራሉ። ሥጋ ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ ሲያዝ ቆራጩ ቢላውን እንዳነሣ «እህ፣ ማስተርሱስ?» ይለዋል። የታመመ ሰው እንኳ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል፤ ለጠያቂ የሚሰጥ መልስ አለው። ማስተርስ የሚማር ሰው ግን ምን ይበል? «እየተጻፈ ነው» ይላል። ማን እንደሚጽፈው እንጃ።

እኔ ራሴ ዲግሪ የሚባል ነገር በእጄ የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ከፈተናው ጋር አልተግባባንም፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅሁት ከስልኬና ሰው አንብቦ ከተወው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የማስረዳት ዕድል ሲገኝ አላሳልፍም። ይኸው አሁንም እያስረዳሁ አይደል?

ማስተርሱን የሚማረው፣ እዚህ አርሲ ውስጥ ዲክሲስ በምትባል ከተማ ጎረቤቴ የሆነው መምህር ስለሺ ነው። ዓመቱን ሙሉ አቅራቢያችን ባለ የገጠር ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ክረምት ሲመጣ ሰው ሲያርፍ እሱ አሰላ ሄዶ የትምህርት አመራር ይማራል። ሚስቱ ደብረ ብርሃን ናት። ዲግሪውን ከያዘ እዚያው አጠገቧ ኮሌጅ ይቀጠራል የሚል ተስፋ አለው። እስከዚያው ትዳሩ በስልክ ነው፤ ኔትወርክ ሲኖር ባለትዳር፣ ሲጠፋ ላጤ።

የጥናቱ ርዕስ «ወላጆች በልጆቻቸው ትምህርት ያላቸው ተሳትፎ» ነበር። ኦሮምኛው ብዙም ስላልሆነለት መጠይቁን ይዘን ወደዚያው ገጠር ስንወጣ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። መጠይቅ ማለት፣ ላስረዳ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበብልህና ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ከተደረደሩት አንዱ ላይ ምልክት ታደርጋለህ። ለመንደሩ ሰውም በሚገባ አስረዳሁ። ምናልባት በሚገባ ከሚገባው ትንሽ አለፍ ብዬ፣ መምህራችሁ በእናንተ መልስ ይፈተናል አልኳቸው። ውሸት ነው እንዴ?

የመንደሩ ትልቅ ሰው ሐጂ ከድር ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና፣ ለመምህሩ የሚጠቅመው የትኛው መልስ ነው ብለው ጠየቁኝ። የሚጠቅመው እውነቱ ነው አልኳቸው። «እውነቱንማ እናውቀዋለን፤ እኛ የጠየቅንህ የሚጠቅመውን ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እኔን የሰማኝ የለም። «የልጄን ደብተር በየቀኑ አያለሁ» ለሚለው መንደሩ በሙሉ በጣም ተስማማ። «ልጄ ትምህርት ቤት ዋለ አልዋለ ግድ የለኝም» ለሚለውም፣ እንዲያውም ስክሪብቶውን ጫን አድርጎ፣ በጣም ተስማማ። መምህር ስለሺ ከእግር መንገዱ ብዛት ዝሎ ነበርና ሳያገላብጠው ሰብስቦ ወሰደው።

አሰላ ያሉት የጥናቱ አማካሪ ዶክተር ግን አገላበጡት። ይህንማ ቤትህ ቁጭ ብለህ ነው የሞላኸው አሉት። ቀኑ ቀድሞም ደጋግሞ ተራዝሞለት ነበር፤ በዚህ ክረምት የሚታመን ነገር ካላመጣህ ትሰናበታለህ ብለው ሸኙት። ዝናብ የመታው ገብስ መስሎ ተመለሰ።

ወሬው ሐጂ ከድር ጆሮ ሲደርስ፣ ከአሰላው ሰውዬ ጋር ምን አጣላችሁ ብለው መጡ። ጠብ የለም፣ መስማማታችሁ በዛ ነው የሚሉት አልኳቸው። «መስማማት እንዴት ይበዛል?» አሉ። እስቲ እናንተ መልሱላቸው፤ እኔ ስልኬ ላይም ፈልጌ አላገኘሁም።

እንግዲህ እርቅ ያስፈልጋል ተባለ። በነጋታው ሚኒባስ ሞልተን አሰላ ገባን፤ የመንደሩ ትልቅ እናት አዴ ሞሚና ሲንቄያቸውን ይዘው ከፊት። ሲንቄ ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው፤ እሱን ይዛ ለእርቅ የመጣችን እናት እምቢ ማለት ነውር ነው። ጥበቃው ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው ሊል ጀምሮ፣ ምን እንደሆነ ሲያይ መንገድ ለቀቀ። መምህር ስለሺ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ጨምድዶ «አንተ ልጅ፣ አሁን ልታስባርረኝ ነው? መልሳቸው እንጂ!» ይለኛል። ማንን ነው የምመልሰው? አዴ ሞሚናን?

ዶክተሩም የዚሁ አገር ልጅ ናቸውና ሲንቄውን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አዴ ሞሚና ልጃችን አልዋሸም፣ የሞላነው እኛው ነን፣ ቅር ያለህ ነገር ካለ ለእኛ ብለህ ተወው አሏቸው። ታዲያ ሁላችሁም አንድ ዓይነት መልስ እንዴት ሰጣችሁ ብለው ዶክተሩ ሲጠይቁ ሐጂ ተቆጡ። «ይፈተናል ተባልን! ፈተና ላይ ያለ ልጅን ‹አልስማማም› ብሎ የሚጥል ምን ዓይነት ጎረቤት ነው?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሻሹ። እየሳቁ ይሁን ሌላ አልለየሁም። በመጨረሻ የምልክቱን መጠይቅ ጣለውና እንዲህ ሲያወሩ ቅዳቸው፣ በቃለ መጠይቅ ሥራው፣ ክረምቱ ሳይወጣ ይደርስልሃል አሉት። ሲሸኙንም፣ የወላጅ ተሳትፎ ማለት እኮ ይኸው ነው፣ ለአንድ ተማሪ ሚኒባስ ሞልተው መጡ ብለው ተደነቁ።

ስንመለስ መምህር ስለሺ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቆየና ድንገት ቀና ብሎ ተርጉምልኝ አለኝ። «ሐጂ፣ ለእኔ ብለው አሰላ ድረስ መጡ። ልጆችዎ የሚማሩበት ግቢ ከደጅዎ ይታያል። የወላጅ ስብሰባ በጠራሁ ቁጥር ያናገርኩት ባዶ ወንበር ነው። አንድ ቀን እንኳ ለምን አልመጡም?»

ሐጂ ከድር ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «አንተ እዚያ እያለህ እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

መምህር ስለሺ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ሲመረቅ ወደ ሚስቱ እንደሚሄድ አልነገራቸውም፤ እኔም ማስረዳት የምወደው ሰውዬ ይህችን አላስረዳሁም። ሐጂ ፊቱን ማዞሩን የመንገድ ድካም አደረጉትና እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፦ አላህ ይህን ያስጨርስህ፤ ከዚያ ሦስተኛ ዲግሪውንም ይጨምርልህ፤ እኛ አለንልህ!

ሚኒባሱ በሙሉ «አሚን!» አለ። ወደ መስኮቱ ከዞረው ሰው በቀር።