እመት እንኳየሁ ሐዘንተኛ ሲያወጡ

ጎንደር ውስጥ እንደ ልብ ማዘን አይቻልም፤ በየሠፈሩ አንድ እመት እንኳየሁ አይጠፉማ። ልቡ የተሰበረ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ያምረዋል። እሳቸው ግን ኩታቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ጨብጠው በሩ ላይ ይገተራሉ። «ጣራ ያመጣውን በሽታ ጣራ አያሽረውም! ውጣ!» ይላሉ። የሠፈሩ ሰው «ሊቀ ነፋስ» ብሎ ሾሟቸዋል። ሹመቱን ሰምተዋል፤ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም አረማመዳቸውን አሳምረውበታል።

ጎረቤታቸው ስንዱ ከአማቷ ተጣልታ ስታለቅስ ቢያገኟት ሁለቱንም እየነዱ አንገረብ ወንዝ አወረዷቸው። አማትና ምራት እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው እመት እንኳየሁን ማማት ጀመሩ፤ እርቁም በዚያው ወረደ። ከሥራው የተሻረን አንድ ጸሐፊ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ጎሃ ተራራ አወጡት። ሹመቱ አልተመለሰም፤ እንቅልፉ ግን ተመለሰ።

የሠፈሩ ደብር የዜማ መሪ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ያበቃው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ባለቤታቸው ሰብለ ወንጌል ስታርፍ ነው። ከቀብሯ ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘጋ። ለወሬ ያህል ያወራሉ፤ ዜማ ሊያነሡ ሲሉ ግን ትንፋሻቸው ደረታቸው ላይ ይቀራል። ጠበል ተጠመቁ፣ ተልባ ጠጡ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። የአበባው ማኅሌት የሚቆምበት ወርኃ ጽጌ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የደብሩ አለቃ እያዘኑ ቁርጡን ነገሯቸው፦ «ለጽጌ ካልቆሙ መሪነቱን ለሌላ መስጠቴ ነው።» ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቦታ ነው፤ ሌላ ሙያ አያውቁም።

በማግስቱ ምርኩዙ በራቸውን መታው።

«አርባዋ ገና መውጣቱ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል?» አሉ መሪጌታ።

«ሰው ቢቀመጡም ማለቱን አይተው። ይልቅ ሠላሳ ዓመት ስለ አበባ ዘምረዋል፤ እስቲ አንዱን በስሙ ይጥሩልኝ?»

መሪጌታ አሰቡ። ጽጌረዳን ጠሩ።

«እሱንማ መጽሐፍ ነው የነገረዎ። ሌላስ?»

መሪጌታ አፈሩና ተነሡ።

በሠፈሩ ሾፌር በአላምረው የጭነት ማኪና፣ ኬሻ ላይ ተቀምጠው፣ ወለቃንና ዳባትን አልፈው ደባርቅ ገቡ፤ በእመት እንኳየሁ እህት ቤት አደሩ። ማለዳ በእግራቸው ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ሲሄዱ እመት እንኳየሁ የመንገዱን አበባ ሁሉ በስም እየጠሩ ያስተዋውቋቸው ነበር። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ግን ጉም ብቻ ነው። መሪጌታ በልባቸው ተናደዱ፤ ጉምማ ጎንደርም አለ።

«ይቆዩ፤ ይገለጣል» አሉ እመት እንኳየሁ፣ ቁጭ እያሉ።

ተገለጠም። ልክ የመቅደስ መጋረጃ እንደሚከፈት ጉሙ ግራና ቀኝ ሄደ፤ መሬቱም ከመሪጌታ እግር ሥር አለቀ። ገደሉ ወረደ፣ ወረደ፤ ዓይን ታች ሳይደርስ ይደክመዋል። ከተራራው ሥር ተራራ፣ ከእሱም ሥር ሌላ ተራራ። ጣሊያን የቀደደው መንገድ ክር አክሎ ይጠመዘዛል። አንድ ንስር ከበታቻቸው ያንዣብባል፤ መሪጌታ በዕድሜያቸው የንስርን ጀርባ አይተው አያውቁም። «አቤቱ፣ ይህን ሁሉ ለማን ነው የሠራኸው?» አሉ። ሐዘናቸው አልጠፋም፤ ግን ቤቱን ጢም አድርጎ ሞልቶት የነበረው ሐዘን ይህን ሊሞላው አልቻለም። ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ወረደ።

ዞር ሲሉ እመት እንኳየሁ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ተቀምጠዋል።

«ምነው? አመመዎ?»

«ደኅና ነኝ። ገደል እፈራለሁ።»

«ስንቱን ሰው እዚህ አምጥተው የለም እንዴ!»

«ከእርስዎ ጋር አሥራ አንድ። አንድም ቀን ዞሬ አላየሁት።»

«ታዲያ ምን ሊያዩ ይመጣሉ?»

«እናንተን ነዋ! የተቋጠረ ፊት ሲፈታ እንደሱ ሸጋ ነገር የለም። እሱ ይበቃኛል።»

መሪጌታ በእኚህ ሴት መሳቃቸው አንገበገባቸው። አጠገባቸው ተቀምጠው ያዩትን ይነግሯቸው ጀመር፤ ተራራውን፣ መንገዱን፣ የንስሩን ጀርባ።

«አይሰማኝም፤ ነፋሱ ወሰደው። ጮክ ይበሉ እንጂ!»

ጮክ አሉ። «አሁንም!» ተባሉ። በሦስተኛው የተቋጠረው ትንፋሽ ከደረታቸው ወጣ፤ ሲወጣም ወሬ አልነበረም፤ ዜማ ነበር። ሣር የሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቀና አሉ፤ ገደሉም እንደ ማኅሌት ጓድ ተቀብሎ መለሰላቸው። መሪጌታ ተራራውን አንድ በአንድ በዜማ ነገሯቸው።

እመት እንኳየሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ ገደሉ አዘነበሉ። ቀስ ብለው አንድ እጃቸውን ከሣሩ አላቀቁ። ሁለተኛውን ግን አልለቀቁም።